የባሕር ጌጥ ዓሣ ገንዳ መብራት፦ አመራረጥ፣ አሰቃቀልና ጥንቃቄ

ከኬንያ የባሕር ዳርቻ የሚያዙ ጌጠኛ ዓሦች በአየር ተጭነው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሸጣሉ። ይህም እንደ በግና እንደ ግመል ንግድ የቁም እንስሳ ንግድ ነው፤ በሕይወት ያልደረሰ ዓሣ ዋጋ የለውም። ዓሣው ከመጫኑ በፊትና ከወረደ በኋላ በጨው ውኃ ገንዳ ይቆያል። የገንዳው መብራት ያለ ዕውቀት ከተገጠመ እንስሳውን ያስጨንቃል፣ ገዢን ያሳስታል፣ ሠራተኛንም ለኤሌክትሪክ አደጋ ያጋልጣል።

ሀ. ገንዳው የሚይዘው ምንድን ነው?

መብራት ከመግዛት በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። ዓሣ ምግቡን ከብርሃን አያገኝም፤ ብርሃን የሚያስፈልገው ቀንና ሌሊትን ለመለየትና ለማየት ነው። ስለዚህ ዓሣ ብቻ ለሚቆይበት ገንዳ መጠነኛ መብራት ይበቃል። ኮራል ግን ይለያል። በአብዛኞቹ ለሽያጭ በሚቀርቡ ኮራሎች ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነዚህ በብርሃን ምግብ ሠርተው ኮራሉን ይመግቡታል። ብርሃን ካነሰ ኮራሉ ቀስ በቀስ ይራባል። ድንጋያማ ኮራሎች በሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ ያለ ፈቃድ ድንበር እንደማያልፉም ነጋዴው ማወቅ አለበት።

ለ. የመብራት ዓይነትና ጥንካሬ

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ይገኛል። ሜታል ሃላይድ ኃይለኛ ብርሃን ቢሰጥም ሙቀቱ ብዙ ነው። ውኃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲቆይ ስለሚፈለግ፣ እንደ ሞምባሳ ባለ ሞቃት ከተማ ይህ መብራት የማቀዝቀዣ ወጪ ያስከትላል። ፍሎረሰንት ብርሃንን እኩል ያሰራጫል፤ ነገር ግን ቱቦው ሳይቃጠልም ብርሃኑ እየደከመ ስለሚሄድ ለኮራል ሲሆን በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይቀየራል። ኤልኢዲ ሲገዛ ይወደዳል፤ ሆኖም ኃይል ይቆጥባል፣ ውኃውን ብዙ አያሞቅም፣ ጥንካሬውም ይስተካከላል።

ዋት የሚፈጀውን ኃይል እንጂ ለእንስሳው የሚደርሰውን ብርሃን አይናገርም። ለኮራል ሲሆን ሻጩ ፓር የሚባለውን ልክ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 በሆነ ፓር ይኖራሉ፤ ቅርንጫፍ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ። በባሕር ውስጥ ቀይ ብርሃን ቀድሞ ሲጠፋ ሰማያዊው ወደ ጥልቀት ይዘልቃል፤ በዚህ ምክንያት የኮራል መብራት ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ለምሳሌ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ወርድና 50 ከፍታ ያለው ገንዳ 300 ሊትር ይይዛል። ለዓሣ ብቻ ከሆነ በርዝመቱ ልክ የሆነ አንድ ቀጭን ኤልኢዲ ይበቃዋል። ኮራል ካለበት እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሚሸፍኑ ሁለት ጠንካራ መብራቶች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ።

ሐ. አሰቃቀል

1. መብራቱ ከውኃው በላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከቀረበ የጨው ፍንጣቂ ያገኘዋል፣ ብርሃኑም በአንድ ቦታ ይከማቻል።
2. ክብደቱ በኮርኒስ ላይ ሳይሆን በጣሪያው ወራጅ ወይም በግድግዳ ላይ በታሰረ ብረት ይረፍ። ጨው ተራ ብረትን ቶሎ ስለሚያዝግ ብሎኑም ሽቦውም የማይዝግ ይሁን።
3. የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከታች ይንጠባጠባል።
4. መስመሩ ኤርዝ ይኑረው፤ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከርም ይገጠምለት። ማራዘሚያ ሶኬት መሬት ላይ አይቀመጥ።
5. እጅ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መብራቱ ከሶኬት ይነቀል። በመብራቱ ላይ የደረቀ ጨው በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

መ. የማብራት ሰዓት

በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። ሰው ስለሚረሳ በታይመር ማሠራት ይሻላል። በጨለማ ካርቶን ብዙ ሰዓት ተጉዞ የመጣ ዓሣ ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ካገኘው ይደነግጣል፤ ከመስታወት ጋር ይላተማል፣ ከገንዳም ሊዘል ይችላል። ከመኪና የወረደ በግ ጥላ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ዓሣውም በገባበት ቀን መብራቱ ጠፍቶ ይደር፤ በማግስቱ በደካማ ብርሃን ይጀመርለት። አዲስ ኮራል ከመብራቱ አቅም ከግማሽ በታች ተጀምሮ በሦስትና በአራት ሳምንት ከፍ ይደረግለት። በአንድ ጊዜ ከበዛበት አልጌውን አስወጥቶ ይነጣል፣ ሊሞትም ይችላል።

ሠ. ለገዢ

ድምቅ ያለ ሰማያዊ መብራት የኮራልን ቀለም ያጋንናል፤ በዓሣ ቆዳ ላይ ያለን ነጭ ነጠብጣብና ቁስል ደግሞ ይሸፍናል። ነጩ ነጠብጣብ ከአንድ ዓሣ ወደ ገንዳው ሁሉ የሚዛመት በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከክፍያ በፊት ሻጩ ሰማያዊውን አጥፍቶ ነጭ መብራት እንዲያበራ ይጠየቅ፤ ክንፉ፣ ዓይኑና አተነፋፈሱ በዚያ ብርሃን ይታዩ። ሻጩ እንቢ ካለ ግዢውን መተው ይሻላል።