አሮጌ የኤሌክትሪክ እቶንን ለራኩ ማዋል

የኤሌክትሪክ እቶን አረጀ ሲባል ብዙውን ጊዜ ያረጀው ሽቦውና መቆጣጠሪያው ነው። ሙቀት ይዞ የሚያቆየው ቀላል ጡብ ግን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ትምህርት ቤቶችና የሸክላ ስቱዲዮዎች እንዲህ ያለውን እቶን በርካሽ ይሸጣሉ፤ አንዳንዴም ለሚወስድላቸው በነጻ ይሰጣሉ። ሽቦውን አውጥቶ ሁለት ቀዳዳ ከፍቶ የጋዝ በርነር የገጠመለት ሰው ጥሩ የራኩ እቶን አገኘ ማለት ነው።

ራኩ የተባለው የሸክላ አሠራር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በጃፓን ኪዮቶ ተጀመረ። ቾጂሮ የተባለ ሸክላ ሠሪ ለሻይ ሥርዓት ሊቁ ለሴን ኖ ሪኪዩ የሠራቸው ጽዋዎች መነሻው ናቸው። ዛሬ በብዙ ስቱዲዮዎች የሚሠራው ግን በ1960 አካባቢ አሜሪካዊው ፖል ሶልድነር ካሊፎርኒያ ውስጥ ያስለመደው ዓይነት ነው። በዚህኛው አሠራር ዕቃው ፍም መስሎ ሳለ ከእቶን ይወጣና ሰጋቱራ ወይም ቅጠል ውስጥ ታፍኖ በጭስ ይቀለማል። ትኩስ ሸክላን በቅጠልና በገለባ አፍኖ ማጥቆር የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎችም የቆየ ሙያ ነው፤ የጠቆረ ጀበና ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ራኩ የሚጨምረው መስታወት መሰሉን ቅብ፣ ግሌዙን፣ እና ፍጥነቱን ነው።

እቶኑን ሳይቀይሩ በኤሌክትሪክ ራኩ የሚሠሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ የብረት ጉጠት ከነካው ሰው ሊሞት ይችላል። ቶሎ ቶሎ መከፈቱና ከዕቃው የሚነሳው ጭስም ሽቦውን ይጎዳሉ።

ምን ዓይነት እቶን ይመረጣል?

ክዳኑ ከላይ የሚከፈት፣ ክብ ወይም ስምንት ማዕዘን የሆነ፣ የውስጥ ስፋቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚደርስ እቶን ይፈልጉ። ግድግዳው በተደራረቡ ቀለበቶች የተሠራ ከሆነ እጅግ ይመረጣል። ጡቡ ቢሰነጠቅ ግድ የለም። በእጅ ሲነኩት የሚረግፍ ከሆነ ግን ይተዉት። በጣም በቆዩ እቶኖች የሽቦ ሽፋንና ንጣፍ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ግራጫ ጭረታም ንጣፍ ካዩ ሳይነካኩ ለባለሙያ ያሳዩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• የቬንቹሪ በርነር፣ ኃይሉ ከ25 እስከ 30 ኪሎዋት። አየሩን ራሱ ስለሚስብ ማራገቢያም ሆነ መብራት አይፈልግም።
• እስከ 2 ባር የሚስተካከል ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር። የቤት ምድጃ ሬጉሌተር ግፊቱ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ለዚህ አይበቃም።
• ለጋዝ የተሠራ ቱቦ፣ ቢያንስ 3 ሜትር።
• እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ የደኅንነት ቫልቭ።
• እስከ 1,200 ዲግሪ የሚለካ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ከነማንበቢያው።
• የእቶን መደርደሪያ ጠፍጣፋና ከ11 እስከ 12 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ ሦስት እግሮች።
• ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የብረት መጋዝ፣ ድሪል፣ ጥቂት አንጎላሬ፣ ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው።
• ክዳን ያላቸው የብረት በርሜሎች፣ ረጅም ጉጠት፣ የበያጅ ቆዳ ጓንትና የፊት መከለያ።

ደረጃ 1፦ ኤሌክትሪኩን ማስወገድ

ማጥፊያውን መንካት ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ከዚያ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን ፈተው ያውርዱ፤ ማንም ተመልሶ እንዳይሰካው ገመዱን ይቁረጡት። የማሞቂያ ሽቦዎቹ በጡቡ ቦይ ውስጥ በትንንሽ ካስማ ተይዘዋል። አንዴ የሞቀ ሽቦ እንደ ደረቅ ጭራሮ ስለሚሰበር፣ መነጽር አድርገው ቁርጥራጩን በፒንሳ እየለቀሙ ያውጡ። ቦዮቹ እንዳሉ ይቆዩ። ሽቦው ወደ ውጭ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ግን በእቶን ሲሚንቶ ይድፈኑ።

ደረጃ 2፦ የበርነሩን መግቢያ መክፈት

መግቢያው የሚከፈተው በታችኛው ቀለበት ላይ ነው፤ ነበልባሉ ከመደርደሪያው በታች እንዲገባ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ። ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን፤ የበርነሩ አፍ በዙሪያው አየር እየተረፈው መግባት አለበት። መጀመሪያ የውጩን ላሜራ፣ ቀጥሎ ጡቡን ይቁረጡ። ጡቡ ለስላሳ ስለሆነ በተራ መጋዝ ይቆረጣል፤ አቧራው ግን ሲሊካ ስላለበት ለሳንባ ጠንቅ ነው። ደጅ ሆነው፣ ጡቡን እያረጠቡ፣ ጥሩ የአቧራ ጭንብል አድርገው ይሥሩ። ውሃ የነካው ጡብ ከመጀመሪያው ቃጠሎ በፊት በደንብ ይድረቅ።

ደረጃ 3፦ የጭስ መውጫ መክፈት

በክዳኑ መሐል ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሥሩ። ክቡን አስምረው ዙሪያውን በድሪል ይብሱና በጠባብ መጋዝ ያገናኙት። የተቆረጠውን ጠርዝ የእቶን ሲሚንቶ ይቀቡት፤ ካልሆነ ፍርፋሪው ግሌዙ ላይ ይወድቃል። መውጫው ከመግቢያው ካነሰ እሳቱ ታፍኖ በበርነሩ በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። የተረፈውን መክደን ስለሚቻል ትንሽ ሰፋ ማለቱ አይጎዳም።

ደረጃ 4፦ የሚነሳ ቆብ መሥራት

የታችኛው ቀለበት ከወለሉ ጋር ይቀራል። የላይኛውን ቀለበትና ክዳኑን በአንጎላሬና በቡሎን አንድ ላይ ያያይዙ፤ ጡቡን ሳይሆን የውጩን የብረት መታጠቂያ ይያዙ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያነሳው ግራና ቀኝ ረጅም እጀታ ይበየድበት። ሥራው ሲጀመር ቆቡ ተነስቶ ጡብ ላይ ይቀመጣል፣ ዕቃው በጎን በኩል በጉጠት ይወጣል። እቶኑ ባለ አንድ ወጥ ግድግዳ ከሆነ ክዳኑን ከፍቶ ከላይ ማውጣት ይቻላል፤ ያኔ ግን እጅና ፊት በቀጥታ የሚነሳው ሙቀት ላይ ስለሚያርፉ ጉጠቱ በጣም ረጅም መሆን አለበት።

ደረጃ 5፦ አቀማመጥ

እቶኑን ደጅ፣ ከግድግዳ፣ ከዛፍና ከጣራ ርቆ፣ ብሎኬት ላይ ያኑሩት። ጋራዥም በረንዳም አይሆንም። በውስጡ ሦስቱን እግሮች አቁመው መደርደሪያውን ያስቀምጡ፤ በመደርደሪያውና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን 5 ሳንቲሜትር ክፍተት ይተዉ። በርነሩን ከመግቢያው 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ አርቀው በማይነቃነቅ እግር ላይ ይትከሉት። አቅጣጫውን ወደ መሐል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያዙሩ፤ ነበልባሉ ግድግዳውን ተከትሎ ሲዞር ሙቀቱ እኩል ይሆናል፣ ዕቃውንም በቀጥታ አይገርፍም።

ሲሊንደሩ እንደቆመ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀብተው ይፈትሹ፤ አረፋ ከተነፋ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ደረጃ 6፦ ዕቃውን ማዘጋጀት

ተራ ሸክላ የራኩን ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይችልም፤ ይፈነዳል። ሸክላው ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ የተፈጨ ገል ወይም ሻካራ አሸዋ ይደባለቅበት። ዕቃው አስቀድሞ ከ950 እስከ 1,000 ዲግሪ ያለ ግሌዝ ይቃጠል።

ለነጭ ስንጥቅጥቅ ግሌዝ የታወቀው ቅይጥ 80 በመቶ ገርስትሊ ቦሬትና 20 በመቶ ኔፌሊን ሳየናይት ነው። ከ2 እስከ 5 በመቶ መዳብ ካርቦኔት ሲጨመርበት በጭሱ ውስጥ ወደ ቀይና ወደ መዳብ ቀለም ይሄዳል፤ አየር ሲያገኝ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። እርሳስ ያለበትን ግሌዝ አይንኩ። የተቀባው ዕቃ እስኪደርቅ ድረስ፣ ቢቻል በእቶኑ ክዳን አጠገብ እየሞቀ ይቆይ።

ደረጃ 7፦ ማቀጣጠልና ማቃጠል

ሁልጊዜ እሳቱ ይቀድማል፣ ጋዙ ይከተላል። የጭስ መውጫው ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሚነድ ችቦ በበርነሩ አፍ ይያዙ፤ ከዚያ ጋዙን በጥቂቱ ይክፈቱ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በእቶኑ ወለል ይተኛል። ስለዚህ እሳቱ ከጠፋ ጋዙን ዘግተው፣ እቶኑን ከፍተው፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ አናፍሰው እንደገና ይጀምሩ።

የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች በዝቅተኛ እሳት ይሂዱ፤ በዕቃው ውስጥ የቀረ እርጥበት የሚወጣው ያኔ ነው። በ573 ዲግሪ በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት ስለሚለጠጥ ከዚያ በፊት አይቸኩሉ። ካለፉ በኋላ ግፊቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። የመጀመሪያው ቃጠሎ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ እቶኑ ከሞቀ በኋላ ያሉት ግን በግማሽ ሰዓት ያልቃሉ።

ሙቀቱ አልወጣ ካለ ጋዝ ለመጨመር አይጣደፉ። በአብዛኛው የሚጎድለው አየር ነው። ከመውጫው ረጅም ቢጫ ነበልባል ከወጣ ጋዙን ይቀንሱ ወይም የበርነሩን የአየር ቀለበት ይክፈቱ። ነበልባሉ ንጹሕ ሆኖ ሙቀቱ ከቆመ ደግሞ መውጫውን በሰባራ መደርደሪያ በከፊል ይክደኑት። ሲሊንደሩ በረዶ ከሠራ ግፊቱ ይወርዳል፤ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ያቁሙት እንጂ እሳት አያስጠጉበት።

950 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ዓይንዎ ከመለኪያው ይብለጥ። ግሌዙ መጀመሪያ አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ ይረጋል፣ በመጨረሻ እንደ ረጠበ መስታወት ያበራል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ980 እስከ 1,000 ዲግሪ መካከል ይሆናል። በመውጫው ሲመለከቱ የበያጅ መነጽር ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ ማውጣትና ማጨስ

ቆቡ ከመነሳቱ በፊት የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ይታወቅ፦ ሁለቱ ቆቡን ያነሳሉ፣ አንዱ በጉጠት ያወጣል፣ አንዱ በርሜሉን ይከድናል። ሁሉም የጥጥ ልብስና የቆዳ ጫማ ይልበስ፤ ናይለንና ፖሊስተር ሰውነት ላይ ይቀልጣል። ነጠላና ረጅም ጸጉር ይታሰር። ውሃ ያለበት ቱቦ በቅርብ ይኑር።

ጋዙን ይዝጉ፣ ቆቡን ያንሱ፣ ዕቃውን ሰጋቱራ ወዳለበት በርሜል ያስገቡ። ሰጋቱራው ሲነድ ጥቂት ጨምረው ወዲያው ይክደኑ። ጎልቶ የጠቆረ ስንጥቅ ከፈለጉ ነጩን ዕቃ አየር ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙት፤ ግሌዙ ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሲሰሙ ያስገቡት። የመዳብ ቀለም ከፈለጉ ግን መዘግየት የለም። ግሌዝ ያልተቀባው ክፍል ካርቦን ይዞ ይጠቁራል።

በርሜሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዘግቶ ይቆይ። ቀድሞ ከተከፈተ ጭሱ በድንገት ሊነድ፣ ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል። ሲከፍቱ ክዳኑን ከራስዎ በተቃራኒ ያንሱ፣ ጭሱንም አይማጉ። ዕቃው በእጅ የሚያዝ ሲሆን በውሃና በሻካራ ሰፍነግ ይታጠብ።

ለተጠቃሚው

የራኩ ዕቃ ውሃ ያሰርጋል፣ ግሌዙም የተሰነጠቀ ነው። ስለዚህ ለወጥም ለቡናም አይሆንም፤ ሲሸጡም ሆነ ሲሰጡ ይህን ለገዢው ይንገሩት። የጋዙን ገጠማ ራስዎ ቢሠሩትም ከመጀመሪያው ቃጠሎ በፊት የጋዝ ባለሙያ ይይልዎት፤ የሰፈርዎ የእሳት ደንብ ምን እንደሚልም ይጠይቁ። ብቻዎን ደግሞ በፍጹም አያቃጥሉ።