አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር፦ የኦ.አር.ኤስ ዱቄት አያያዝ በማታር

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ዱቄት አቀማመጥ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ያገባናል ባይ ነኝ። አንድ መድኃኒት ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ አጠቃቀሙም አብሮት መድረስ አለበት፤ ይህን የማድረሱ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የእኛ ሙያ ነው። የመረጥኩት ዱቄት ኦ.አር.ኤስ ሲሆን ብዙ ሰው «ለምለም» በሚለው ስሙ ያውቀዋል። የማየው ደግሞ ቤተሰቦቼ ከሚኖሩባት ከማታር አንጻር ነው።

ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን የምትገኝ የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ ናት። ደቡብ ሱዳን ቅርቧ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት በድንበሩ ማዶ ግጭት ተነስቶ ብዙ ሰው ወደ እኛ ሲሻገር ኮሌራም አብሮ ተዛመተ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በመጋቢት ባወጣው መግለጫ በጋምቤላ ክልል በአንድ ወር ውስጥ ከ1,500 በላይ ሰዎች መታመማቸውንና 31 መሞታቸውን አስታውቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የዚህች ትንሽ ፓኬት መበላሸትና አለመበላሸት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ዱቄቱ ውስጥ ምን አለ?

ተቅማጥ ከሰውነት የሚያወጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔትም አብረው ይወጣሉ። ዱቄቱ የተዘጋጀው እነዚህን ለመተካት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የአንድ ሊትር ቅመራ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ነው፤ በድምሩ 20.5 ግራም። ግሉኮሱ የተጨመረው ለማጣፈጥ አይደለም፤ አንጀት ሶዲየሙንና ውኃውን መጥጦ እንዲያስገባ ስለሚረዳ ነው።

ታዲያ ባይካርቦኔቱ የት ሄደ? ቀድሞ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በኮሌራ ሲያልቁ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስና ባልደረቦቻቸው ግሉኮስ፣ ጨውና ባይካርቦኔት እየመዘኑ በፕላስቲክ ከረጢት ያሽጉ ነበር። የከረጢቱን አፍ የሚያጣብቁት በጋለ ካውያ ነበር። ቀድሞ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ይሁን እንጂ ባይካርቦኔት ከግሉኮስ ጋር ተደባልቆ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል፣ ይጓጉላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1984 በሲትሬት እንዲተካ ተደረገ። ሰውነታችን ሲትሬቱን ራሱ ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። እንግዲህ ቅመራው የተቀየረው በአቀማመጥ ችግር ምክንያት ነው ማለት ነው፤ በተለይ እንደ እኛ ባለ ቆላ አገር።

እንዴት ይቀመጥ?

ሲትሬት የተሻለ ይቆያል እንጂ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። ማታር በበጋ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ በክረምት ደግሞ ጎርፉ አለ። ባለፈው እረፍት በአንዲት ሱቅ በር ላይ ፓኬቶች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየመታቸው ተሰቅለው አይቻለሁ። ባለሱቁ እንዳይረሳ ብሎ ነው የሰቀለው፤ ክፋት የለውም። ሆኖም ትክክለኛው ቦታ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ደረቅ መደርደሪያ ነው።

በመጋዘን ደግሞ ካርቶኑ ከወለል ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከፍ፣ ከግድግዳም 30 ሳንቲሜትር ራቅ ይላል፤ ቁልሉ ከ2.5 ሜትር መብለጥ የለበትም። ጎርፍ በሚገባበት ሰፈር 10 ሳንቲሜትር ስለማይበቃ ክረምት ሳይገባ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ማውጣት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ! የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ። የተቀደደ፣ የረጠበ፣ የጠቆረ ወይም ውኃ ውስጥ አልሟሟ ያለ ፓኬት ለታማሚ አይሰጥም፤ ለጤና ባለሙያ ይመለስ።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ኮሌራ ባለበት ቦታ የክሎሪን ዱቄትም አይጠፋም፤ እሱም ነጭ ነው። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ መቀመጥ የለባቸውም። ማንኛቸውንም ስም ወደሌለው ዕቃ መገልበጥ ፈጽሞ አይገባም።

እንዴት ይበጥበጥ?

እጅ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ አንድ ሙሉ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። ከፓኬቱ ግማሹን ቀንሶ ለነገ ማስቀመጥ አይሆንም፤ የተከፈተ ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ ቅመሙም እኩል አይከፈልም። ውኃው ካነሰ ጨዉ በዝቶ በተለይ ሕፃንን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ ይሳሳል። ስኳር፣ ወተትም ሆነ ለስላሳ አይጨመርበትም። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፤ ተከድኖ ይቀመጣል፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ተቅማጡ እንደ ውኃ የሚወርድ ሰው ግን እየጠጣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ክፉኛ የደከመ ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልገዋል።

የእኛ ድርሻ

«አንድ ሊትር» የሚለው ቃል ለእኛ ግልጽ ነው። መለኪያ ለሌላት እናት ግን ምን ማለት ነው? «ሁለት ሃይላንድ» ብንላት አንዳንዱ ሃይላንድ ግማሽ ሊትር፣ አንዳንዱ 600 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በሁለተኛው 200 ሚሊ ሊትር ውኃ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ «1 ሊትር የሚል የተጻፈበት ሃይላንድ» ብሎ ጠርሙሱን ማሳየት ይሻላል። በአማርኛ ብቻ መናገርም አይበቃም፤ የማታር እናት የምትሰማው በኑዌርኛ ነው። ተርጉመን ለአንድ ተናጋሪ እናንብብለት፤ እሱም የሰማውን መልሶ ይንገረን። የነገረን ቁጥር ከጻፍነው ከተለየ ስክሪፕቱ ወደ አየር አይወጣም።

በክፍል «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» እያልን እንማራለን። በጤና ዜና ላይ «ስንት» የሚለውም እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።