እንጆሪ በዕብራይስጥ ማን ትባላለች?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ እንጆሪ ነው። እናቴ ከጎንደር ገጠር መጥታ ኡልፓን እንደ ገባች «ልጄ፣ እዚህ አገር እኔ የማውቀው ነገር የለም» እያለች ክፍል ውስጥ ዝም ትል ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን ገሊላ ውስጥ ወንዝ ዳር ስንሄድ ግን ቆም አለችና «እንጆሪ!» ብላ ጮኸች። እሾሁ፣ ሐረጉ፣ ጥቁሩ ፍሬ፣ ሁሉም አለ። ከአገራችን እንጆሪ ጋር ዘመድ እንጂ አንድ አይደለም፤ አበቃቀሉ ግን ይመሳሰላል።

በማግስቱ ለሞራዋ ልትነግራት ብትፈልግ እኔ «ቱት ሳዴ በያት» አልኳት። ስህተቱ የኔ ነው። ቱት ሳዴ መሬት ላይ የምትበቅለው፣ እሾህ የሌላት፣ በክረምት ገበያ የምትሞላው ናት። ዛሬ በአማርኛ ሁለቱንም እንጆሪ ስለምንል ነው የተምታታብኝ። የዱሩ «ፔቴል» ይባላል፤ ሙሉ ስሙ «ፔቴል ቃዶሽ» ነው።

እንዴት ይተከላል? በበጋው መጨረሻ የረጅሙን ሐረግ ጫፍ ወደ መሬት አጎንብሳችሁ አፈር አልብሱት። ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ቁረጡና በክረምት፣ ዝናብ ሳለ፣ አጥር ሥር ትከሉት። የሚንጠላጠልበት ሽቦ ስጡት፤ በበጋ ውሃ አትንፈጉት።

ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ያደገው ቅርንጫፍ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከዓመት በኋላ ሁሉንም ከረከምኩትና አንድ ፍሬ እንኳ አላየንም። እናቴም «እሾህ ነው እንዴ የተከልከው?» አለችኝ። መቆረጥ ያለበት ፍሬውን ሰጥቶ የጨረሰው ብቻ ነው።

ቀዩ ይጎመዝዛል። ጥቁሩን፣ ሲነኩት እሺ ብሎ የሚወርደውን ልቀሙ። መድኃኒት የተረጨበት ቦታ አትልቀሙ፤ ሽሙራት ቴቫ በሚባለው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራም መልቀም ክልክል ነው። አጥባችሁ እንዲሁ ብሉት፤ ወይም 1 ኪሎ ፍሬ ከግማሽ ኪሎ ስኳር ጋር በቀስታ እያማሰላችሁ አፍሉትና ሪባ ይሆናል። ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።

ሞራዋ ታዲያ ፔቴልን ታውቀው ነበር፤ ከጫፉ እንደሚራባ ግን አታውቅም። እናቴ ግማሹን በእጇ፣ ግማሹን በተሰባበረ ዕብራይስጥ አስተማረቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ አታውቅም።

ቃላት፦ ፔቴል - የዱር እንጆሪ፤ ቆጽ - እሾህ፤ ጋዴር - አጥር፤ ሊግዞም - መከርከም፤ ሪባ - ማርማላታ።

መልመጃ፦ በአገራችሁ የምታውቁት፣ እዚህም ያያችሁት ተክል አለ? የዕብራይስጥ ስሙን ጠይቁና በ3 ዓረፍተ ነገር ጻፉ።