ጀግናውን አታሳንሱ፤ ፈተናውን አሳድጉ

ጠረጴዛ ተከብቦ የሚካሄድ፣ ተረትን ከዕጣ ጋር ያዛመደ ጨዋታ አለ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የታሪኩን አንድ ጀግና ይይዛሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለ፤ ከውስጡ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ ይመክራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይወስናሉ፤ ከዚያ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ይጥላሉ። ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ የታወቀው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ማታ ማታ ተረት እየሰማ፣ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ላደገ የእኛ ሰው ግን ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም።

ጨዋታው ወራት ሲዘልቅ ጀግኖቹ ይጠነክራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጅብ ያስጨነቃቸው ሰዎች በስድስተኛው ወር ዘንዶ በሦስት ዙር ይጥላሉ። ተራኪው ብዙ ሌሊት ያሰበበትን ጭራቅ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ጨርሰውት ስልካቸውን መነካካት ይጀምራሉ። ስልክ መነካካቱ ትልቅ ምልክት ነው። ብርቱ ሰው ሲሰለች አይጮህም፤ ዓይኑ ብቻ ከጠረጴዛው ይነሳል።

ይህን ዛሬ የማነሳው በሚዛን ተፈሪም፣ በቴፒም፣ በአዲስ አበባም ይህ ዓይን ያላቸው ብዙ ወጣቶች ስላሉ ነው። ፈተናውን ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ መስኮት መስኮት የምታይ ተማሪ አለች። የቀኑን ሥራ ከረፋዱ በፊት አጠናቆ ማታ «ደከመኝ» የሚል ሠራተኛ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ደክሞታል። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት «ፍሎው» በተሰኘ መጽሐፋቸው ይህንኑ በግልጽ አስረድተዋል። ፈተናው ከችሎታ ሲበልጥ ሰው ይጨነቃል፤ ችሎታው ከፈተናው ሲበልጥ ይሰለቻል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ግን በሥራው ተመስጦ ሰዓቱን ይረሳል። እኛ ስለ ጭንቀቱ ብዙ እናወራለን። ስለ ስልቹው ብርቱ የሚጨነቅለት ግን ጥቂት ነው።

ተራኪው ሲቸገር መጀመሪያ የሚመጣለት መላ ጀግናውን ማዳከም ነው። በሌሊት ሌባ ልኮ ሰይፉን ያሰርቀዋል። ወይም ድንገት «እዚህ ዋሻ ውስጥ አስማት አይሠራም» ይላል። ተጫዋቹ ወራት የለፋበት ኃይል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀማል። በክፍል ውስጥም «አንተ ታውቀዋለህ፣ እጅህን አውርድ» የሚባል ልጅ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ጓደኞቿ እንዳይከፋቸው ብላ የምታውቀውን መልስ የምትውጥ ልጅ ናት።

ይህ መላ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘውን የሸኮን ከብት ተመልከቱ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ከብት ሻኛ አለው፤ የሸኮው ግን የለውም፤ ቢኖረውም ለምልክት ያህል ነው። ቁመቱ አጠር፣ ቀንዱም አጠር ያለ ነው፤ ላሟ ለአካሏ መጠን ጥሩ ትታለባለች። ትልቁ ጸጋው ግን ሌላ ነው። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ ሌላውን ከብት አክስቶ፣ ደሙን አሳንሶ ሲጥለው፣ የሸኮው በሽታው በደሙ ውስጥ እያለም ሥጋውን ሳይጥል ይቋቋማል። ታዲያ ይህ ድንቅ ዝርያ እየተመናመነ ነው። አንዱ ምክንያት ሻኛ ካላቸው ከብቶች ጋር መዳቀሉ ነው። ሌላው ጠባዩ ነው፤ ቁጡ ነው፣ ለእረኛ አይመችም፤ ስለዚህም ኮርማ ሊሆን የሚችለው ገና ወይፈን ሳለ ይኮላሻል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጁን ለቁጡ ኮርማ አጋልጦ የሚተኛ አባት የለም። ግቢው ለዛሬ ሰላም ያገኛል፤ ገንዲን የሚቋቋመው ዘር ግን አብሮ ይሄዳል። ጎበዙን ዝም ባሰኘን ቁጥር የምናደርገውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የተሳሳተ መላ ብዛት ነው። አንዱን ነብር ሦስት ማድረግ፤ የጭራቁን የሕይወት ነጥብ እጥፍ ማድረግ። ይህ ጨዋታውን ያረዝመዋል እንጂ አያከብደውም። አሥር ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ለሠራ ተማሪ ተመሳሳይ ሃያ ጥያቄ መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ልጁ የሚማረው ነገር ቢኖር ቀስ ብሎ መሥራት ብቻ ነው!

የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አዘጋጆችም ከቁጥር ጋር ብዙ ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ለእያንዳንዱ ጭራቅ የክብደት ቁጥር ሰጠ፤ ተራኪው ቁጥሩን ከጀግኖቹ ደረጃ ጋር እያስተያየ ይመርጣል። ጥሩ መነሻ ነው። ቁጥሩ የማያውቀው ግን አራት ሰዎች ተማክረው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ነው። አንድ ግዙፍ ጭራቅ አንድ ጊዜ ሲመታ አራቱ ጀግኖች አራት ጊዜ ይመታሉ፤ ስለዚህ ግዙፉም ቶሎ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ለታላላቆቹ ጭራቆች በጀግኖቹ ተራ መካከል ጣልቃ የመግባት መብት የሰጣቸው ለዚህ ነው። የጭራቁን ጡንቻ ከማፋፋት ይልቅ የጨዋታውን አካሄድ ቀየሩ።

ይህን አካሄድ የመቀየር ነገር በደንብ እንየው። ታሪኩንም ሩቅ አገር አንውሰደው፤ ሸኮ ይሁን። ጀግኖቻችን ቡና የተጫኑ በቅሎዎችን ከሸኮ ጫካ አውጥተው ወደ ቴፒ ይሸኛሉ። አመሻሽ ነው፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ወንዙ ሞልቷል። ከወንዙ ማዶ የገመድ ድልድዩን ሽፍቶች በቢላ እየቆረጡት ነው፤ ድልድዩ መሐል ላይ ልጅ ያዘለች እናት አለች። በዚህኛው በኩል በቅሎዎቹ ደንግጠው ወደ ገደሉ እያፈገፈጉ ነው። ገመዱ በሦስት ዙር ይበጠሳል።

ሰይፍ የያዘው ብርቱ ተጫዋች «ሽፍቶቹንማ እኔ ብቻዬን እጨርሳቸዋለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይችላል። ግን እሱ ሽፍቶቹን ሲጨርስ ገመዱን ማን ይያዝ? እናቲቱን ማን ያውጣ? በቅሎዎቹስ? ይሄኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ይጠጋል። ስልኮቹ ይገለበጣሉ። ተራኪው አንድ ነገር ይጨምራል፤ የበቅሎ ነጂው ሽማግሌ ከማዶ ያለውን አንዱን ሽፍታ አይቶ «ልጆቼ፣ በእናታችሁ አትግደሉት! የታናሽ ወንድሜ ልጅ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ኃያሉ ጀግና ሰይፉን እንደመዘዘ ይቆማል። ከጉልበቱ አንድ ነጥብ አልተቀነሰበትም። ጥያቄው ግን ጉልበት ብቻ የማይመልሰው ሆነ።

ብርቱን የሚያነቃው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፤ ሰዓት የሚቆጥር፣ ሁለት መልካም ነገሮችን አፎካክሮ ምረጥ የሚል፣ ጓደኛን የግድ የሚጠይቅ። ተማሪዋ የሠራችውን ስሌት ላልገባው ጓደኛዋ በቃል ብቻ ታስረዳ፤ ወይም መምህሩ ራሳቸው የሚቸገሩበት ጥያቄ ታውጣ። ያኔ መስኮቱን ትረሳዋለች።

የቀደሙት የእኛ ሰዎች ይህ በደንብ ገብቷቸው ነበር። ሰንጠረዥ የሚባለው የኢትዮጵያ ቼስ ለዚህ ምስክር ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥና ስለ ገበጣ ያሳተሟቸው ጥናቶች ብዙ ያስተምራሉ። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ አልነበረም፤ የመጀመሪያው መበላላት እስኪሆን ሁለቱም ወገን ሳይጠባበቅ ሠራዊቱን ያንቀሳቅስ ነበር። ከሁሉ የምወደው ግን የአሸናፊነቱ ሥርዓት ነው። ንጉሡን በሩክ ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን አያስመሰግንም ነበር። የሚደነቀው በደካሞቹ፣ በተራ ወታደር ማት ያደረገ ነበር። ብቻውን የቀረን ንጉሥም ማት ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ እየበለጠ ያለው ሰው ሁሉን ጠራርጎ መብላቱ አይጠቅመውም ነበር፤ ለባላጋራው ጥቂት ማስተረፍ ነበረበት። አስቡት፤ ብርቱው ተጫዋች ጠጠሮቹን አልተቀማም። ማሸነፍ ብቻውን እንዳይበቃው ተደረገ እንጂ።

የሰፈር ልጆችም ኳስ ሲጫወቱ ያለ አስተማሪ ይህንኑ ያደርጋሉ። ጎበዞቹ በአንድ ወገን ከበዙ አንድ ሰው አጉድለው ይጫወታሉ፤ ወይም «ሁለት ጎል ሰጥተናችኋል» ብለው ይጀምራሉ። ጎበዙን ልጅ ከሜዳ የሚያስወጣው ግን የለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የቀለላችሁን ነገር በሚከብደው መንገድ ሞክሩት። በዚያው በሸኮ ወይም በቴፒ ቡና የምታመርት ከሆነ፣ ኪሎ መሙላት ቀልሎሃልና ዘንድሮ ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅመህ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጥክ አድርቀህ፣ የራስህን ቡና ቀምሰህ ከአምናው ለይተህ ለማወቅ ሞክር። ኃይሌ ገብረሥላሴን አስታውሱ። በ10,000 ሜትር እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ ወርቅ ወስዶ ነበር። በዚያ ክብር መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ጎዳና ወጣ፣ ርቀቱን ከአራት እጥፍ በላይ አደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2:03:59 በመግባት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 35 ነበር።

ከጠረጴዛው ዙሪያ ብርቱው አንድ ብቻ ሲሆንና ሌሎቹ ተመልካች ሲሆኑስ? ይህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመሥሪያ ቤትም ይታያል፤ ሁሉን የሚሠራ አንድ ሰው አለ፣ ሌሎቹ «እሱ ይችለዋል» ብለው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ወገን ይጎዳል። ጥሩ ተራኪ ለእያንዳንዱ ጀግና የሚያበራበት ጊዜ ያዘጋጃል። ቋንቋ የሚያውቀው ካልተናገረ የማይከፈት በር፣ መድኃኒት የምታውቀው ካልመረመረች የማይድን ሕፃን ያመጣል። ብርቱው በዚያ ሰዓት ጠባቂ ይሆናል፤ መጠበቅም ለብርቱ ከባድ ፈተና ነው። በሌላው ጊዜ ደግሞ ለእሱ የሚመጥን፣ «አንተን ፈልጌ ነው የመጣሁት» የሚል ባላጋራ ይምጣለት። ብርቱ ሰው መፈለጉን ሲያውቅ ይነቃል።

ፈተና ማክበድ ግን ቂም መወጣት አይደለም። አንዳንድ ተራኪ ጭራቁ ቶሎ ሞተብኝ ብሎ ይናደድና በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም ጀግኖች የሚጨርስ መዓት ያወርዳል። ያ ጠረጴዛ ይበተናል። አለቃም፣ ወላጅም፣ አሠልጣኝም ይህን ይጠንቀቅ። የከበደ ፈተና ሲመጣ ተፈታኙ አስቀድሞ ይወቅ፤ ቢወድቅም ታሪኩ ይቀጥል። ገመዱ ተበጥሶ ድልድዩ ቢሄድ ጨዋታው አላለቀም፤ ጀግኖቹ በቅሎዎቹን ይዘው ሌሊቱን በጫካ ያድራሉ፤ በማግስቱ ሌላ መሻገሪያ ይፈልጋሉ፤ የሽማግሌው የወንድም ልጅም ከማዶ ሆኖ ይከተላቸዋል። ከአሸነፉባቸው ምሽቶች ሁሉ ይልቅ ዓመት ቆይተው የሚያነሱት ይህን ሊሆን ይችላል።

ብርቱ ሰው በእጃችሁ ካለ፣ ተጫዋችም ይሁን ተማሪ ወይም የሥራ ባልደረባ፣ ፈተናውን ብቻችሁን አትፍጠሩለት። ቡና አፍሉና ጠይቁት፤ «እስቲ ንገረኝ፣ ከሚመጡት ነገሮች የትኛው ነው እውነት የሚያስፈራህ? የትኛውንስ ብትችለው ደስ ይልሃል?» ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጥያቄ አንድ መልስ ነው ያላቸው። ራሳችሁ ብርቱው ከሆናችሁም ይህንኑ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ቀን ቁረጡለት፣ የሚያግዛችሁን አንድ ሰው ስም ከጎኑ አስፍሩ፤ ሰኞ ጠዋት ለዚያ ሰው ደውሉ።