ስልክሽ «ሞልቻለሁ» ሲልሽ

ልጄ፣ ወንድምሽ የተመረቀ ዕለት አይቼሻለሁ። ካባውን እንደለበሰ እናታችሁን አቅፎ ቆሞ ሳለ ስልክሽ ቦታ የለኝም አለሽ። «አንዴ ቆዩኝ!» እያልሽ ያገኘሽውን ስታጠፊ ልጁ ካባውን አወለቀ። ዕለቱ የደስታ ነበርና ዝም አልኩ። አሁን ግን ቡናው እስኪፈላ ስሚኝ። እንደምታውቂው ዕድሜዬን የጨረስኩት ፎቶ ቤት ነው፤ ያውም አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ በሚያነሳበት ዘመን።

1. ሰው ቆሞ እየጠበቀሽ ምንም አታጥፊ። የተጣደፈ እጅ የሚጥለው የማይረባውን ሳይሆን ቀድሞ ያገኘውን ነው። ያን ዕለት የአያትሽን የድምፅ መልእክት አብረሽ እንዳጠፋሽ የሰማሁት ማታ ስታለቅሺ ነው። ይህን ሥራ ከድግሱ በፊት ባለው ምሽት ቁጭ ብለሽ ሥሪው። ሁልጊዜም ከስልክሽ ቦታ አስራቱን ባዶ ተዪለት፤ አፉ ድረስ የሞላ ስልክ ይንቀረፈፋል፣ አፕዴትም አልቀበልም ይላል።

2. መጀመሪያ ማን እንደበላው እወቂ። ሴቲንግ ገብተሽ ስቶሬጅ የሚለውን ብትከፍቺ ቪዲዮው፣ ፎቶው፣ አፑ ሁሉ ከነመጠኑ ተዘርዝሮ ታገኚዋለሽ። አንቺ ግን ጎተራው ተቀዶ ፍርፋሪ ትለቅሚያለሽ፤ ሃያ ፎቶ አጥፍተሽ «ምንም አልቀነሰም» ትያለሽ። አይቀንስማ! አንድ ፎቶ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ቪዲዮ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አይፎን በካሜራው ሴቲንግ ላይ እንደሚነግርሽ፣ በ4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም የተቀረጸ አንድ ደቂቃ 400 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ በ1080 በ30 ፍሬም ሲሆን 60 ገደማ ብቻ። ያንቺ አንድሮይድ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። በስልክ ለሚታይ ቪዲዮ 1080 ይበቃል፤ ካሜራሽን ዛሬውኑ ዝቅ አድርጊው።

3. ቴሌግራምንና ዋትሳፕን በአንድ ዓይን አትዪ። በቴሌግራም ቻናል ያየሽው ፊልም፣ ያወረድሽው መጽሐፍ ቅጂው ስልክሽ ላይ ይከማቻል፤ ዋናው ግን እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን ከፍተሽ ካሹን ብታጠፊ፣ የላከው ሰው እስካልሰረዘው ድረስ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። እዚያው ለሳምንት ብቻ እንዲያቆይ ብታዢው ደግሞ ራሱን ያጸዳል። የአንዳንድ ሰው ስልክ እኮ ግማሹ አንዴ ታይቶ የተረሳ የቴሌግራም ፊልም ነው!

ዋትሳፕ ግን እንደዚያ አይደለም። የተላከልሽ ነገር የሚቀመጠው ስልክሽ ላይ ነው፤ ካጠፋሽው በኋላ መልሼ አወርደዋለሁ ብለሽ አትተማመኚ። «ማኔጅ ስቶሬጅ» ውስጥ ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የዞሩትን ለይቶ ያሳይሻል። ከዞሩት ጀምሪ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ያው የአደይ አበባ ቪዲዮ ከአሥራ አራት ሰው ይደርስሻል፤ ዱባይ ያለችው አክስትሽም በየማለዳው ምርቃት ትልካለች። አሜን በዪና አጥፊው፤ አሜን ማለት ቦታ አይፈጅም። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ዝጊው፤ የዳታ ጥቅልሽም ይተርፋል። እንደ አያትሽ ድምፅ ያለውን ግን በመጣበት ዕለት ወደ ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅ» ላኪው።

4. ካሽ አጥፊ፣ ዳታ አትንኪ። አንድሮይድ ላይ በየአፑ ስር ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካሽ አፑ ለፍጥነት ያከማቸው ነው፤ ቢጠፋ መልሶ ይሠራዋል። «ክሊር ዳታ» ያልሽው አፕ ግን ዛሬ እንደተጫነ አዲስ ይሆናል። እኔ ሁለቱን አምታትቼ የፎቶ ቤቴን የዱቤ መዝገብ ባዶ አድርጌዋለሁ። ባለዕዳዎቼ አልረሱም ይሆናል፤ የመጣ ግን የለም።

5. ሌላ ቦታ መቀመጡን ሳታይ ፎቶ አታጥፊ። ጉግል ፎቶስ ጥራቱን ትንሽ ቀንሶ ያለ ገደብ በነጻ ያስቀምጥ ነበር፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግን ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር በምትጋሪው 15 ጊጋባይት ውስጥ ይቆጠርብሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ባክአፕ የሆነን ፎቶ እዚያው አፕ ውስጥ ብታጠፊው ከሁለቱም ቦታ ይጠፋል። ስልክሽን ብቻ ለማቅለል «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጫኚ። ወደዚያ መላኩ ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ያለበት ቤት ስትሄጂ ይሁን። ደግሞም ያጠፋሽው ወዲያው አይሄድም፤ አይፎን ላይ 30 ቀን በቅርጫት ይቆያል፣ ቦታውንም አይለቅም። ቅርጫቱን አይተሽ ድፊው።

6. በርካሽ ሚሞሪ አትታለዪ። ከአንድ ሱቅ 128 ጊጋባይት የሚል ካርድ ገዛሁ። ስልኩም 128 ነው ብሎ አነበበው፤ እውነተኛው አቅሙ ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ትንሹ ቦታ ካለቀ በኋላ የገባው ሁሉ ስሙ ብቻ ቀረ፤ ብከፍተው ግራጫ ነው። የጠፋብኝ የሰው የቀለበት ፎቶ ነበር። ካርድ ስትገዢ እስኪጠግብ ሙዪውና መጨረሻ የገቡትን ፋይሎች ከፍተሽ እዪ።

7. «ስልክ አጽጂ» ነኝ የሚል አፕ አታስገቢ። አብዛኛው ማስታወቂያ ይዞ ገብቶ ራሱ ቦታ ይይዛል። የጉግል «ፋይልስ» ይበቃሻል።

8. ባነሳሽበት ምሽት ምረጪ። በኛ ጊዜ ፊልሙ ራሱ ያስመርጠን ነበር፤ ከመጫንሽ በፊት ሰውየው ዓይኑን መግለጡን ታያለሽ። አንቺ ያንኑ ኬክ አርባ ጊዜ አንስተሽ አርባውንም ታኖሪያለሽ። ሳምንት ካለፈው ሁሉም ይመሳሰልብሻል፤ ዕለቱን ግን የትኛው ላይ እናትሽ እንደሳቀች ታውቂያለሽ። ሦስቱን ያዢ፣ ሌላውን ልቀቂው።

የወንድምሽን ፎቶ በአሮጌው ካሜራዬ አንስቼዋለሁ፤ ከነካባው፣ ሁለት ብቻ። እሁድ ስትመጪ ኬብልሽን ይዘሽ ነዪ።