ዕድሜው ያጠረው ሰማያዊ ብርሃን

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉምቦ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ከነጭ ዓባይ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከዩጋንዳ ጠረፍ፣ ከኒሙሌ ተነሥቶ ወደ ጁባ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በዚሁ በኩል ስለሚያልፍ የጭነት መኪና ነጂዎችና ነጋዴዎች አይጠፉበትም። በጁባ በንግድ ሥራ ከተሰማሩት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኙበታል። አገሩ ቆላ ነው፤ በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በዚህ ፀሐይ ሥር በስልኩ ሒሳብ የሚያሰላ ነጋዴ ቁጥሩ አልታይ ስለሚለው የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርገዋል። ስልኩ በካርቦናዊ ውሁዶች የሚበራ ማሳያ ያለው ከሆነ ግን ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። ሙቀቱና ብርቱው ብርሃን ማሳያውን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ዘወትር በአንድ ቦታ የሚቆመው ምልክት ከጊዜ በኋላ እንደ ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ነጭ የነበረውም ገጽ ወደ ቢጫነት ያደላል። ቢጫ የሚሆነው ከሦስቱ ቀለሞች፣ ከቀዩ፣ ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው መካከል ሰማያዊው ቀድሞ ስለሚደክም ነው። ለምን እርሱ ቀድሞ እንደሚደክም ለመረዳት የማሳያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

በተራ አምፖል ውስጥ ሽቦው የሚያበራው ስለሚግል ነው። በዚህ ማሳያ ውስጥ ግን የሚግል ሽቦ የለም። ብርሃን የሚሰጡት ካርቦንና ሃይድሮጂን ያሉባቸው፣ ከጨርቅ ማቅለሚያዎች ጋር የሚቀራረቡ ሞለኪውሎች ናቸው። እነዚህ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል እጅግ ስስ ሆነው ይነጠፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ከአንዱ ወገን ኤሌክትሮኖች፣ ከሌላው ወገን ደግሞ ኤሌክትሮን የጎደላቸው ክፍት ቦታዎች እየተጓዙ ይገናኛሉ። በተገናኙበት ስፍራ ያለው ሞለኪውል ኃይል ይሸከማል፤ የተሸከመውን ኃይልም በብርሃን መልክ ጥሎ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ስለሚያበራ ጥቁር ሆኖ መታየት ያለበት ነጥብ ፈጽሞ ኤሌክትሪክ አይወስድም።

በ1987 በአሜሪካ የኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በዚህ መንገድ የሚሠራ መሣሪያ ለዓለም አስታወቁ። የሁለቱ ካርቦናዊ ሽፋኖች ውፍረት በአንድነት 135 ናኖሜትር ብቻ ነበር፤ ይህም ከሰው ጠጉር በብዙ መቶ እጅ የሳሳ ማለት ነው። መሣሪያው 10 ቮልት በማይሞላ ኃይል በራ። ሆኖም ወደ ውስጡ ከሚገቡት መቶ ኤሌክትሮኖች ብርሃን አስገኝተው ወደ ውጭ የሚያወጡት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ቀሪው ሁሉ ይባክናል።

ለብክነቱ ዋናው ምክንያት በሞለኪውሉ ውስጥ ነው። ኃይል የሚሸከሙት ሞለኪውሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ወዲያው ያበራል፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ብርሃን መስጠት ተከልክለው ኃይላቸውን በሙቀት መልክ ያጠፋሉ። በ1998 በአሜሪካ የስቲፈን ፎረስትና የማርክ ቶምሰን ጓዶች ፕላቲነም ያለበት ውሁድ ጨምረው ሦስቱም እንዲያበሩ አደረጉ፤ ቀጥሎም አይሪዲየም የተባለው ከባድ ብረት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ቀዩና አረንጓዴው ብርሃን በዚህ ዘዴ ተጠቀሙ። ሰማያዊው አልሆነለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰማያዊ ብርሃን ቅንጣት ከቀዩ ይልቅ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ይህ ኃይል የሞለኪውሉን አተሞች አያይዞ ወደሚያኖረው ኃይል የተጠጋ ነው። በዚያ ላይ አይሪዲየም ያለበት ውሁድ ከተራው ማቅለሚያ ይልቅ ኃይሉን ለሺህ እጥፍ ጊዜ ያህል ይዞ ይቆያል። የእህል ወፍጮ ቤትን ማሰብ ይቻላል፤ ወረፋው ሲረዝም ሸክም ያዘለው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋፋል። ኃይል የተሸከሙ ሁለት ሞለኪውሎች ሲጋፉም የአንዱ ሸክም በሌላው ላይ ይደረባል፤ የሁለት ሰማያዊ ቅንጣት ኃይል የተጫነበት ሞለኪውል ይሰበራል። ክፋቱ ደግሞ ስባሪው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የጤነኞቹን ኃይል እየሳበ ያጨልማል። እንግዲህ ብርሃኑን ያበዛው ዘዴ ራሱ ዕድሜውን አሳጠረው። ስለዚህም የማሳያ ሠሪዎች ለረጅም ዓመታት ሰማያዊውን ብቻ በቀድሞው አባካኝ ማቅለሚያ ሲሠሩ ኖረዋል። ብዙዎቹም የሰማያዊውን ነጥብ ስፋት ከሌሎቹ አስበልጠው ሸክሙን ያቃልሉለታል።

መፍትሔው በአንድ በኩል ብቻ አልተፈለገም። በ2012 በጃፓን በኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የቺሃያ አዳቺ ጓዶች ውድ ብረት የማያስፈልገው ሞለኪውል አዘጋጁ፤ ብርሃን የተከለከሉት ሦስቱ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ተገፍተው ወደሚያበራው ዓይነት ይመለሳሉ። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም ሰማያዊው እዚህም ወረፋ ከመጠበቅ አልዳነም።

ሌላው መንገድ ሞለኪውሉን ማጠንከር ነው። ዲዩተሪየም የሚባለው ከባድ ሃይድሮጂን ክብደቱ የተራው ሃይድሮጂን እጥፍ ያህል ነው። በተራው ቦታ ሲተካ ከካርቦን ጋር ያለው ማያያዣ በዝግታ ስለሚርገበገብ በቀላሉ አይበጠስም። የኮሪያው ኤል ጂ ዲስፕሌይ በታኅሣሥ 2021 ይህን የያዘ ማሳያ ሲያስተዋውቅ የብርሃኑ መጠን እስከ 30 ከመቶ እንደሚጨምር ገልጾ ነበር። ሌሎች ደግሞ ሁለት የሚያበሩ ሽፋኖችን ደራርበው ሸክሙን አካፈሉ፤ በ2024 የወጣው የአፕል ኩባንያ አይፓድ ፕሮ በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። ያው ብርሃን ከሁለት ሽፋን ሲወጣ እያንዳንዱ የሚሸከመው ግማሹን ነው። ሞለኪውሉ የሚያረጀው ከሸክሙ በበለጠ ፍጥነት ስለሆነ ግማሽ ሸክም ዕድሜውን ከእጥፍ በላይ ያራዝመዋል። ውሃና ኦክሲጅን የዚህ ሁሉ ጠላቶች መሆናቸውንም መርሳት አይገባም፤ ጥቂት እርጥበት እንኳ ከገባ ጥቁር ነቁጥ እየሰፋ ይሄዳል።

የእነዚህ ውሁዶች ጥናት ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞና ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር እየተባበሩ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ካርቦናዊ ፖሊመሮች ላይ ሠርተዋል። የዚህ ዓይነት ፖሊመር ግኝት በ2000 ለሂገር፣ ለማክዲያርሚድና ለሺራካዋ የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። የአዲስ አበባው ምርምር በይበልጥ ያተኮረው በፀሐይ ኃይል ላይ ነው፤ ማለትም ማሳያው ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን ሲለውጥ፣ እነርሱ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ሠርተዋል። መንገዱ ተገላቢጦሽ ቢሆንም ችግሩ አንድ ነው። በዚያም ቢሆን ውሁዱ በብርሃንና በኦክሲጅን ይጎዳል፤ በዚያም ቢሆን ከብቃቱ ጋር ዕድሜውን ማራዘም ግድ ይላል።

መልመጃ

1. የማሳያው ነጭ ገጽ ወደ ቢጫነት የሚያደላው ለምንድን ነው?
2. «ብርሃኑን ያበዛው ዘዴ ራሱ ዕድሜውን አሳጠረው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በምንባቡ ውስጥ በተሰጠው ምክንያት አስረዱ።
3. ደራሲው ወፍጮ ቤትን ለምን ምሳሌ አደረገ? እናንተስ ከአካባቢያችሁ ምን ሌላ ምሳሌ ትሰጣላችሁ?
4. ብክነት፣ ስባሪ፣ ነቁጥ፣ ተገላቢጦሽ የሚሉትን ቃላት በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።