ጥቅሉን ሳትፈቺው

ቆይ እስቲ እህት ዓለም፣ ያን ጥቅል ሳትፈቺው ወደ ብርሃን አምጪው። ምን ተጽፎበታል? ስም የለውም፣ ማን እንዳመረተው አይታወቅም፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍም አልተገለጸበትም። በድምፅ ማጉያ «የአይጥ፣ የቁንጫ፣ የትኋን!» እያለ ከሚያልፈው ሰው ነው አይደል የገዛሽው? ውስጡ ምን እንዳለ እኮ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። አንዳንዱ ለእርሻ የመጣ ብርቱ ፀረ ተባይ ተከፋፍሎ በላስቲክ የተቋጠረ ነው። የምትድኸው ልጅሽ ብትቀምሰው፣ ሐኪሙ የቱን ማርከሻ ይስጣት? በ2002 ዓ.ም የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 674፣ የተጻፈው እንዲህ ያለው ንግድ እንዲቀር ነው። ስለዚህ መለያ ጽሑፍ የሌለው መርዝ ከዚህ በር አይግባ።

ደግሞ ለምን አሁን እንደበዙብሽ አስቢ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲጠና፣ ማሳውም ታጭዶ ሲራቆት፣ አይጥ ሙቀትና እህል ወዳለበት ይሰደዳል። አንቺ ቤት ሁለቱም አለ፤ ገብሱ ጎታ ውስጥ፣ ጭዱ ከጓዳው ጀርባ። የቤት አይጥ ሦስት ሳምንት አርግዛ አምስት ስድስት ትወልዳለች። መግቢያውንና መብሉን ሳትዘጊ መርዝ ብታስቀምጪ የሞቱትን ቦታ ሌሎች ይይዙታል፤ በየወሩ መርዝ ስትገዢ ልትኖሪ ነው።

መግቢያውንና መብሉን ከመዝጋት ጀምሪ። ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ታልፋለች፤ ስድስት ሚሊ ሜትር ይበቃታል። በጭቃ ብቻ ብትደፍኚው ቦርቡራ ትገባለች፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቂበትና በሲሚንቶ ምረጊው። ከበሩ ሥር ቆርቆሮ ይመታበት። ጎታውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀሽ በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ አድርጊው፣ ክዳኑም ይግጠም። ማታ የዶሮዎቹ ጥሬና የውሻው ትርፍራፊ ደጅ አይደር። አንድ ሁለት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ወጥመድ ይበቃል፤ አይጥ ግድግዳ እየታከከች ስለምትሄድ ከግድግዳው አስጠግተሽ አጥምጂ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልጠፉ መርዝ እንመርጣለን። ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ፤ ልዩነታቸውን በደንብ ያዢ፣ የልጅሽ ሕይወት እዚያ ላይ ነውና።

አንደኛው ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል። ሆድ ውስጥ ሲገባ ከጨጓራው አሲድ ጋር ተዋህዶ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ቀምሳ የተረፈች አይጥ ደግሞ ሁለተኛ አትነካውም። የእርሻ ሰዎች ለማሳ አይጥ ይጠቀሙበታል፤ ልጅ ባለበት ቤት ግን እኔ አላስገባውም።

ሁለተኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። ብሮማዲዮሎን ወይም ብሮዲፋኩም ተብሎ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የተቀባ እህል ወይም ጠጣር ቁራጭ ነው። የልብ ሕመምተኞች በሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱት ዋርፋሪን የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እሱም ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአይጥ ይውል ነበር። መጠኑ ብዙውን ጊዜ 0.005 በመቶ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ማለት። አይጧ የምትሞተው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከበላችው ጋር አታያይዘውም፤ ሌሎቹም አይሸሹትም። ማርከሻ አለው፣ ቫይታሚን ኬ አንድ። የኔ ምርጫ ይኸኛው ነው፤ እህል ከሚመስለው ይልቅ ጠጣሩን ቁራጭ ግዢ፣ አይበተንም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚጨመረውን ክኒን አይጥ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትከቺ። እርጥበት ሲነካው ያንኑ ፎስፊን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በግድግዳው ስንጥቅ ወጥቶ የተኛ ሰው ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ክፍል እህል ውስጥም ቢሆን አይገባም።

አቀማመጡን ላሳይሽ። መርዝ መሬት ላይ አይበተንም፣ እንጀራ ላይ አይቀባም፣ በምግብ ዕቃም አይቀርብም። ከሁለት ጎን አይጥ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያለው፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ሣጥን ፈልጊ፤ ከሌለ አናጢ ይሥራልሽ። ቁራጩን ውስጡ በሽቦ እሰሪው፣ ሣጥኑንም ከግድግዳው ጋር ቸንክሪው፤ ልጅ ገልብጣ እንዳታወጣው። ጓንት ሳታደርጊ አትንኪው። አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልተነካ አትቀያይሪው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ እያየሽ የጎደለውን ተኪ። መበላቱ ሲያቆም የቀረውን ሰብስቢ። የሞተችውን በጓንት አንስተሽ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሪ፤ መንገድ ላይም በሬሳ በሚባለው ወንዛችን ውስጥም አይጣል። ኩሷን በደረቁ አትጥረጊ፣ በበረኪና ውኃ አርጥበሽ ጥረጊው።

ድመትሽንም አስቢያት። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ራሷ ትመረዛለች፤ ጉጉቱም ጭልፊቱም እንደዚያው። አባባ ማሳው ዳር መርዝ ሊበትን ካሰበ ደግሞ አንቺ ተይ በዪው፤ በኔም ቃል ንገሪው። የኛ የሰሜን ሸዋ መንዝ ጓሳ ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች አይጥ አድነው ነው የሚኖሩት፤ የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዘመናት ጠብቆታል። አይጥን በነፃ የሚለቅመልንን አውሬና አሞራ በመርዝ ከጨረስን ቀጥሎ የሚመጣውን አይጥ ማን ይችለዋል?

እግዜር አያድርገውና ልጅሽ ከቀመሰች፣ ወተት አታጠጪ፣ ጣትም ሰደሽ አታስመልሺያት። አፏን ጠርገሽ ማሸጊያውን ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ሩጪ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደሙን የሚያቀጥነው ዓይነት ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ምንም ላይታይባት ይችላል፤ ድድና አፍንጫ መድማት፣ ሰውነት መበለዝ ኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስትጫወት አይተሽ ደህና ናት ብለሽ እንዳትቀሪ።

የምትገዢው ለአንድ ጊዜ የሚበቃሽን ብቻ ይሁን፤ የተረፈው ከነማሸጊያው ይቆለፍበት፣ በዘይት ጠርሙስ ወይም በስኳር ቆርቆሮ እንዳይገለበጥ። ቤት ውስጥ የከፋው፣ ዝም ያለ ሰው ካለ ደግሞ ጭራሹን አታስገቢ። ይህን የምልሽ በስሜት የተገዛ፣ በእጅ የተገኘ መርዝ ስንት ቤት እንዳጨለመ ስለማውቅ ነው። ያኔ ወጥመዱና ሲሚንቶው ይብቃሽ፣ ለዚያም ሰው ጊዜ ስጪው።

አሁን ይህን ጥቅል እኔ ልያዘው፤ ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ጠይቄ የሚወገድበትን አደርጋለሁ። አንቺ ግቢ የምትጋሪያቸውን ጎረቤቶች ዛሬ ማታ አነጋግሪያቸው፤ እነሱ ቀዳዳቸውን ካልደፈኑ ያንቺ መድፈን ብቻውን አይበቃም። ሲሚንቶውን በጋራ ግዙ።